የዴቫኪ ሦስት ጉርሻ

ዴቫኪ ከሦስት ጉርሻ በላይ መዋጥ ያቃታት በዝናቡ ወር፣ መንደሩ ሁሉ በጭቃ በተያዘበት ሰሞን ነው። የሙዝ ቅጠሏ ላይ ያለውን ሩዝ በማሾ ወጥ ለወሰች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጎረሰችና እጇን ሰበሰበች። ልጃቸው አገር ጥላ ከሄደች ወዲህ ባልና ሚስት አብረው ነበር የሚበሉት። ባሏ ሻንኩኒ ቀና ብሎ አያት። ሌላ ቤት ቢሆን "ምነው፣ አልጣመሽም?" ተብሎ ያልፍ ነበር። እዚያ ቤት ግን ሰው በቀትር ማዕድ ላይ እጁን ሲሰበስብ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ሻንኩኒ ቫይድያር ነው። በኒላ ወንዝ ዳር ቫይድያር የሚባለው ሥሩንና ቅጠሉን የሚያውቅ ሐኪም ነው፤ አባቱም አያቱም ቫይድያር ነበሩ። ሌሎቹ ቫይድያሮች አጥንት ያሻሉ፣ ወለምታ ያቃናሉ፤ እሱ ግን የሆድ ሰው ነበር። በእሱ ቤት የሰው በሽታ ሁሉ የሚጀምረው ከሆድ ነው። ሆድ ውስጥ እሳት አለ፤ እሳቱ ከነደደ የበሉት ሁሉ ደም ይሆናል፣ እሳቱ ከደከመ ማርም ቢበሉ መርዝ ነው። ይህን አርባ ዓመት ሙሉ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ሲናገር ኖሯል።

መንደሩም ተገዝቶለታል። ከቁራ ቀድሞ መነሳት፣ ከኮኮነት ቅጠል አከርካሪ በተሰነጠቀ ስንጥር ምላስን መፋቅ፣ ከሙን የፈላበት ለብ ያለ ውሃ መጠጣት፣ ፀሐይ ሳትወጣ ጓሮ ደርሶ መመለስ እዚያ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው። ከምሳ በፊት ዝንጅብል በጨው ይታኘካል። ሲበላ አይወራም። ግማሹ ሆድ ለምግብ፣ ሩቡ ለውሃ ይሰጥና የቀረው ሩብ ባዶውን ይተዋል። መጨረሻ ላይ አሬራ ይጠጣል። በቀን መተኛት ነውር ነው። የበላው ሳይፈጭ ሌላ የደረበበት ሰው ደግሞ ቫይድያር ፊት ባይቆም ይሻለዋል፤ ከግሳቱ ያውቅበታል ይባላል። ከእራት በኋላ መቶ እርምጃ መሄድ ግድ ስለሆነ አመሻሹ ላይ መንገዱ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ በሚቆጥሩ ሰዎች ይሞላል። ሰላም ቢሏቸው አይመልሱም፣ ቁጥሩ ይጠፋባቸዋላ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስጎነበሰ ሰው የገዛ ሚስቱ እጇን ስትሰበስብ ምን ያደርጋል? በር ላይ አውጥቶ በብርሃን ምላሷን አየ። ነጭ ሽፋን፣ ወፍራም። የደም ሥሯን በሦስት ጣቶቹ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሆዷን ዳበሰ፣ ምንም የለም።

"እሳትሽ ደክሟል" አላት። "በዝናብ ወር የማን እሳት አይደክም? አይዞሽ።"

"እርስዎ ካሉ ምን እፈራለሁ" አለች ዴቫኪ።

አርባ ዓመት በትዳር ስትኖር በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ሰው ፊትም ጓዳም "ቫይድያር" ነው የምትለው። የሚያዘውን ሁሉ ከመንደሩ ቀድማ የምትፈጽመው እሷ ነበረች። ሲያገባት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በማግስቱ ስንጥሩን በእጇ ሰጥቶ ምላስ እንዴት እንደሚፋቅ አሳያት። ሌላ ሙሽራ ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር፤ እሷ ግን ቁም ነገር አድርጋ ያዘችው።

ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬና ጥምዝ አብሮ ወቅጦ በማር ለወሰላት። ሩዙን አስተዋትና በቀጭን የሩዝ አጥሚት አደረጋት። እራቷን አስቀረ። በሳምንት አንድ ቀን ከለብ ውሃ በቀር ምንም በአፏ እንዳይገባ አዘዘ፤ የደከመ እሳት ላይ እንጨት ሲቆለልበት ይጠፋል፣ ፋታ ሲሰጡት ግን ራሱ ይነሳል ብሎ ያምናል። በዚህ መንገድ ስንቱን አድኗል። ውሸታም ሰው አልነበረም፣ ይህ ይታወቅለት፤ እሱ ዘንድ ሆዳቸውን ይዘው መጥተው እየሳቁ የተመለሱ ሰዎች ቢሰለፉ ወንዙ ድረስ ይደርሱ ነበር። ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ነው። አንድም ቀን ተሳስቶ የማያውቅ ሰው መሳሳት ምን እንደሚመስል ከየት ያውቃል?

የከፋው ደግሞ ሕመሙ የሚሠራው ሥራ ሁሉ መዳን መምሰሉ ነው። በሁለተኛው ወር የዴቫኪ ምላስ ነጩን ጣለና እንደ ሕፃን ምላስ ቀላ። ሻንኩኒ አይቶ ፊቱ በራ። በሦስተኛው ወር ግሳቷ ጎምዛዛነቱን ተወ። በአምስተኛው ወር ሰውነቷ ቀለለ፤ ከጉድጓዱ ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ ሲያያት የሃያ ዓመት ልጅ መሰለችው፣ ይህንንም ሳያፍር ነገራት። አባቱ በዘንባባ ቅጠል ላይ ጽፎ በተወለት መጽሐፍ የነደደ እሳት ምልክቶች እነዚሁ ናቸው፤ የጠራ ምላስ፣ ንጹሕ ግሳት፣ የቀለለ ገላ። የማይበላ ሰውም ምላሱ ይጠራል፣ ገላው ይቀላል። ይህን አያውቅም ነበር? አሳምሮ ያውቅ ነበር። የጎረቤት ሚስት ብትሆን ኖሮ በሁለተኛው ወር ይጠረጥር ነበር።

አንድ ምልክት ብቻ ቀረው፣ ረሃብ። በየቀትሩ "ራበሽ?" ብሎ ይጠይቃታል። አንድ ቀን "አዎን፣ ራበኝ" አለችው። ደስታው ሲበዛ ሽርጡን አጠባብቆ ራሱ ሙዝ ቅጠል ሊቆርጥ ጓሮ ሮጠ። ያን ቀን ሩዝ ተቀቀለ። ዴቫኪ ሦስት ጊዜ ጎርሳ፣ እሱ አሬራውን ለመጠጣት ቀና ባለበት ቅጽበት ቅጠሏን በተረፈው ሩዝ ላይ አጠፈችው። እዚያ አገር የጨረሰ ሰው ቅጠሉን ወደ ራሱ ያጥፋል፤ የታጠፈ ቅጠል ገልጦ የሚያይ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ እንዲሁ እያጠፈች ጓሮ ለታሰረችው ላማቸው ትወስዳለች። ላሚቱ ወፈረች። ሻንኩኒ ላሚቱ መወፈሯን አይቶ "የዘንድሮ ሣር መልካም ነው" ብሎ ነበር።

ልጃቸው ፕራሲዳ ባሕር ማዶ፣ በሙስካት ነርስ ናት። ከሄደች በሁለተኛው ዓመት ለመኸሩ በዓል እረፍት ወጥታ መጣች፤ ዴቫኪ ሩዝ መብላት ካቃታት ዓመት ከወር ሆኖ ነበር። ከታክሲው ወርዳ እናቷን በር ላይ ስታያት ሻንጣውን ለቀቀችው። አላቀፈቻትም። መጀመሪያ እጇን በእናቷ ትከሻ አጥንት ላይ አሳረፈች፣ ከዚያ ክንዷን ይዛ ጓዳ አስገብታ አስተኛቻትና ሆዷን ዳበሰች። እጇ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች አባቷን።

"ነፋስ ነው" አለ ሻንኩኒ። "እሳቱ ሲነሳ ነፋስ ይሰበሰባል።"

"አባዬ፣ ነፋስ ይደነድናል?"

በማግስቱ እናቷን ይዛ ከተማ ወደሚገኘው ትልቅ ሆስፒታል ሄደች፤ እሱም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተከተላቸው። በአፏ ቱቦ ከተው አዩ፣ ደም ቀዱ፣ ፎቶ አነሱ። በአራተኛው ቀን አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀቶቹን ይዛ ወደ አልጋው መጣችና የምትለውን ለፕራሲዳ ነገረቻት፤ ሙያው አንድ ስለሆነ ሳትሸፋፍን ነው የነገረቻት። ዕጢው ከጨጓራ ወጥቶ ጉበት ላይ ደርሷል። ከዓመት በፊት ቢሆን ቆርጠው ያወጡት ነበር። አሁን የሚቀራቸው የሕመም ማስታገሻ መስጠት ብቻ ነው።

"እስከ ዛሬ ማን ነው ሲያክማት የነበረው?" ብላ ጠየቀች ሐኪሟ።

ሻንኩኒ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ ኋላ ራሱን በጠየቀ ቁጥር ሊናገር እንደነበር ይምላል። ግን ከአልጋው ላይ ዴቫኪ ቀደመችው።

"ማንም አላከመኝም። ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ሐኪም ናቸው፣ ለእሳቸውም ደብቄው ነው። ፈርቼ።"

ሐኪሟ ተቆጣቻት። እንዴት ከሐኪም ባል ጋር እየኖርሽ፣ እንዴት በራስሽ ላይ ትፈርጃለሽ እያለች ልጅ እንደሚቆጡ ተቆጣቻት። ዴቫኪ አንገቷን ደፍታ ሰማች፣ "ጥፋቴ ነው" አለች። ሻንኩኒም የከፈተውን አፍ ዘጋ።

ፕራሲዳ ዞር ብላ አባቷን አየችው። በየወሩ ከእናቷ የሚደርሳት ደብዳቤ ላይ "አባትሽ ጥምዝ እየሰጡኝ ነው፣ ምላሴ ጠርቷል፣ በጣም ደስ ብሏቸዋል" ይል ነበርና ታውቃለች። ጠበቀችው። መተላለፊያው ላይ ጠበቀችው፣ ታክሲ ውስጥ ጠበቀችው፣ ቤት ደርሰው እግሩን እስኪታጠብ ጠበቀችው። ቃል አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ "ውሃ ፈልቷል"፣ "ትራሱን ያቀብሉኝ" ከማለት ሌላ አላነጋገረችውም። ለመንደሩ እንዳትናገር ደግሞ እናቷ እጇን ይዛ በገዛ ነፍሷ አስምላታለች።

ሻንኩኒ ለምን ዝም አለ? ፈሪ ስለሆነ ነው ቢባል ስህተት የለበትም። ግን ሌላም ነበረው። ሚስቱ ያን ውሸት ስትናገር ፊቷ ላይ ያየው ነገር የሰውየውን ወኔ ሰለበው። አንድ ዓመት ሙሉ ዝንጅብል ስትቀበለው እንደነበረችው ሆና ነበር የተናገረችው፤ ያው መታመን፣ ያው እሺታ።

ወሬው መንደሩን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ዴቫኪ ሕመሟን ከባሏ ደብቃ ለዚህ በቃች ተባለ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እሷው ራሷ ትናገረዋለች፣ ትንፋሽ እያጠራት ትናገረዋለች። ሰውም ትምህርት ወሰደ። ድሮ ሆዱን ሲነፋው ሳምንት ይታገሥ የነበረው ሁሉ አሁን በማግስቱ ይመጣል። በረንዳው ላይ የሚጠብቀው ሰው እጥፍ ሆነ። "እትዬ ዴቫኪ እንደሆኑት እንዳልሆን ብዬ ነው" ይላሉ ምላሳቸውን እያወጡ። ሻንኩኒ ግን የሚያየውን ምላስ ማመን ተወ። ብርቱ የመሰለውን ሁሉ ወደ ሆስፒታል መስደድ ጀመረ፤ ትሕትናው ነው አሉ። እንዲያውም አከበሩት።

በዓሉ ካለፈ ስድስት ሳምንት ሆኖት፣ አንድ ጠዋት ፕራሲዳ የእናቷን ማስታገሻ ልታመጣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ከተማ በሄደችበት ቀን፣ ሳሮጂኒ መጣች። ሳሮጂኒ ሰሌን እየሠራች የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏት የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ተራ ደርሷት ፊቱ ተቀመጠች።

ከታመመች ሁለት ወሯ ነው። ገና መብላት ስትጀምር ትጠግባለች። ትላንት አራት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። ሸሚዟ ከላይዋ ሰፍቷታል፤ ይህን ስትል ፈገግ ብላ ብብቷ ሥር ያለውን ጨርቅ ሳብ አድርጋ አሳየችው። ምላሷን አየ። ነጭ ሽፋን፣ ወፍራም። ሆዷን ዳበሰ፣ ምንም የለም። ዴቫኪም ያኔ ምንም አልነበራትም። እጁን ከሆዷ ላይ አነሳ።

ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል እንድትሄድ ነገራት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ መንደር የሚመለስ አውቶቡስ አለ፣ ልጄ እዚያው ናት፣ ታስገባሻለች አላት። ሳሮጂኒ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሆስፒታል ለእትዬ ዴቫኪ ምን አደረገላቸው? ሄዱ፣ ቱቦ ከተቱባቸው፣ ሞት ፈርደው መለሷቸው። እሷ የመጣችው ቶሎ ነው፣ ሳትደብቅ። ቫይድያር ዝንጅብሉን ይስጧትና ትሂድ፤ ሰሌኑ እየጠበቃት ነው።

ሻንኩኒ በረንዳው ላይ የሚጠብቁትን ሰዎች ተመለከተና ድምፁን ሳይቀንስ ተናገረ።

"ዴቫኪ አልደበቀችኝም። መጀመሪያ ቀን፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ አይቻታለሁ። አንቺ የነገርሽኝን ነው ያየሁት። ዓመት ሙሉ ዝንጅብልና ጥምዝ አጠጣኋት። እኔ ነኝ የገደልኳት።"

ስድስት ሳምንት ደብቆት የቆየው ነገር ወጣለት፤ የሚመጣውን ስድብ፣ እርግማን፣ ምንም ይሁን ለመቀበል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ቀና ሲል ሳሮጂኒ እያለቀሰች ነው።

"ቫይድያር፣ ራስዎን እንዲህ አይቅጡ" አለችው። "እትዬ ራሳቸው ነግረውኛል እኮ። ከአፋቸው ሰምቻለሁ።"

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዱ ሽማግሌ፣ ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ እኔም ሚስቴ የሞተች ጊዜ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ ብዬ ስለፈልፍ ነበር ሲል ለጎኑ ሰው አወራ። እውነቱን በአደባባይ ተናግሮ እንደዚህ የከሰረ ሰው አይኖርም።

ሻንኩኒ ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። ዴቫኪ ዓይኗ ተከፍቷል። ከአልጋው እስከ በረንዳው መካከል አንድ የጣውላ ግድግዳ ነው ያለው፤ ሁሉንም ሰምታለች። አልጋው ሥር ተንበርክኮ ሊያስረዳት ሞከረ። ሴትየዋን አንቺን የጀመረሽ ነው የጀመራት፣ ገና ነው፣ ይቆረጣል፣ ትድናለች። እኔን አላመነችኝም። አንቺን ታምናለች።

"ምን ብዬ ልንገራት?" አለች።

"እውነቱን።"

ትንፋሿን እየሰበሰበች መሆኑን ያውቃልና አላጣደፋትም።

"ሆዴን ሰጥቼዎታለሁ" አለች። "ሌላ የሚቀረኝ የለም። የእርስዎን ስም አትርፌ ልሂድ።"

"ስሜ ምን ያደርግልኛል? ሁለት ልጆች አሏት።"

"እሷ እሳቷ ደክሞ ይሆናላ። ከመቶ ሰው ዘጠና ዘጠኙ እሳቱ ነው የሚደክመው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። የሳቱት በእኔ ብቻ ነው።"

ይህን ስትል ልታጽናናው ብላ አልነበረም። እንዲሁ ታምነዋለች። ያ ሁሉ አጥንቷ ወጥቶ፣ ያ ሁሉ ሕመም ሲያላውሳት አድሮ፣ አሁንም ታምነዋለች። ሻንኩኒ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው እንዲያምነው ሲለፋ ኖሮ፣ ያን ጊዜ የሚያምነው ሰው ሁሉ አስጠላው። እጇን ይዞ ለመናት። በፕራሲዳ ስም ለመናት። በመጨረሻ አልቅሶ ለመናት፤ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር።

"እሺ" አለች። "ያስቀምጡኝና ይጥሯት።"

ልቡ መለስ አለለት። ከጀርባዋ ሁለት ትራስ ከቶ ቀና አደረጋት፣ ሻሿን አስተካከለላትና ሳሮጂኒን ጠራት። ሳሮጂኒ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ዴቫኪ በዓይኗ ወደ አልጋው ጠራቻት።

"ሳሮጂኒ፣ ልጄ፣ ቫይድያር አሁን የነገሩሽን አትስሚ" አለቻት። "ሐዘን ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ። አንቺ በጊዜ መጥተሻል፣ በጊዜ የመጣ ይድናል። ዝንጅብሉን በጨው ከምሳ በፊት ውሰጂ። ጥምዙን በማር። እራት ይቅርብሽ። በሳምንት አንድ ቀን ለብ ካለ ውሃ በቀር ምንም እንዳትቀምሺ። ምላስሽ ሲጠራ ታዪዋለሽ።"

ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አልተናገረችውም፤ በየመሐሉ ታርፋለች፣ ሳሮጂኒም እየነቀነቀች ትጠብቃታለች። ሻንኩኒ "አይደለም" አለ። "አይደለም፣ ሳሮጂኒ" አለ። ሁለቱም ሴቶች ልጅ ሲነጫነጭ እንደሚታለፍ አለፉት። ሳሮጂኒ የዴቫኪን እግር ነክታ ጣቶቿን ግንባሯ ላይ አሳረፈች፣ እግዚአብሔር ይማርዎት አለችና ፊቷ ፈክቶ ወጣች።

ተከተላት። ሸሚዝ የለውም፣ ጫማ የለውም፣ ሽርጡ ጉልበቱ ላይ እየተጠለፈበት በሩዝ ማሳዎቹ መሐል ባለው ቀጭን የአፈር ድልድል ላይ ሮጠ። "ሳሮጂኒ፣ ቁሚ" እያለ ነበር። "ውሸቷን ነው፣ እኔን ለማዳን ነው የዋሸችሽ" እያለ ነበር። ችግኝ የሚተክሉት ሴቶች ቀና ብለው አዩት፤ ቫይድያር ሲሮጥ ያየ ሰው እዚያ አገር የለም። መንገዱ ዳር ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ አለ። ሳሮጂኒ ዞር አለች። መዳፎቿን ገጥማ እጅ ነሳችው፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አበሰችና ቅመም ወደሚሸጥበት ሱቅ መንገዷን ቀጠለች።

ሊከተላት ሲል ሻይ ቤቱ ደጃፍ ከተቀመጡት ሰዎች ሁለቱ ተነስተው በክንዱ ያዙት። በኃይል አልያዙትም፤ እንደ ታመመ ዘመድ ነው የያዙት። እሱም ነገራቸው። ለሻይ ቤቱ ባለቤት ለኩታን ነገረው፣ ለፖስታ አመላላሹ ነገረው፣ ለቆመው ሁሉ ነገረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዘርዝሮ፣ ስለ ምላሷ፣ ስለ አጥሚቱ፣ ኋላ ስለገባው ስለ ላሚቱ መወፈር ነገራቸው። በትዕግሥት ሰሙት። ኩታን ከመደርደሪያው ብርጭቆ አንስቶ ሻይ ቀዳለት።

"በባዶ ሆድ ሻይ አይጠጣም ብለው ሠላሳ ዓመት ገበያዬን ሲዘጉብኝ ኖረዋል፣ ቫይድያር" አለው። "ዛሬ እንኳ ይጠጡልኝ።"

ጠጣው። ምን ምርጫ አለው? ሰዎቹ ጠጥቶ ሲያዩት ደስ አላቸው። ከሁለት ወገን ደግፈው፣ ድልድሉ ላይ እንዳይወድቅ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ሆነው ቤቱ አደረሱት። በረንዳው ላይ የሚጠብቁት ሕመምተኞች ነገ እንመለሳለን፣ ዛሬ ይረፉ ብለው ተበተኑ። አንዳቸውም ቅር አላላቸውም።

ዴቫኪ ትራሶቹ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ራሷን ችላ መተኛት አትችልም። ላብ ፊቷን አጥቦታል። ያ ሁሉ ንግግር የነበራትን ጉልበት እንደጨረሰው በአንድ እይታ ገባው፤ ሐኪም ነውና ይህን አይስትም። አንዱን ትራስ አውጥቶ ቀስ አድርጎ አስተኛት። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ጆሮውን አቀረበ።

"አመነችኝ?" አለች።

ሳሮጂኒ ይህን ጊዜ ቤቷ ገብታ ዝንጅብሉን እየከተፈች ይሆናል።

"አመነችሽ" አላት።

ዴቫኪ ዓይኗን ጨፈነች። ሩዝ መብላት ካቃታት ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም።